«ጋለሞታ»፣ «ቆሞ ቀር»፣ «ነጻ»፦ ወዳ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ምን ቃል አለን?

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ፦
ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። አክስቴ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። አላገባችም፣ ማግባትም አትፈልግም፣ መነኩሲትም አይደለችም። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አንዲት ሴትዮ እኔ እየሰማሁ «ቆሞ ቀር» አለቻት። አክስቴ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች፤ እኔን ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ቤት ገብቼ ሌላ ቃል ፈለግሁ። «ላጤ» የወጣት ነገር ሆነብኝ። «ድንግል» ብላት ገላዋን መመርመር ይሆንብኛል። «ባሕታዊት» እንዳልላት ሥራ አላት፣ ዕቁብ አላት፣ ቡና የምታጣጣቸው ጎረቤቶች አሏት። «ያላገባች» የሚለው ደግሞ የሌላትን እንጂ ያላትን አይናገርም። አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቃል የለውም?

ከጎጃም፦
እህቴ፣ ቃልስ ነበረን፤ አበላሸነው። እኔ ባደግሁበት ገጠር «ጋለሞታ» ማለት ባሏ የሞተባት ወይም ፈትታ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ነበረች። አያቴ «እገሊት ጋለሞታ ናት» ስትል መስደቧ አልነበረም። ቤቱ የራሷ ነው፣ መሬቷን በሰው ታሳርሳለች፣ የምትጠይቀው ባል የለም ማለቷ ነበር። ሰው ያማት ይሆናል፤ ስሙ ግን የኑሮዋ ስም እንጂ የኃጢአቷ ስም አልነበረም።

ከተማ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ኢያሱ ምዕራፍ 2 ላይ ረዓብን «ጋለሞታ» ተብላ አገኘኋት። ደነገጥሁ። ግእዙ «ዘማ»፣ ማለትም ሴተኛ አዳሪ፣ የሚላትን ነው አማርኛው ጋለሞታ ያላት። አንባቢው ቃሉን ከዚያ ከተማረ በኋላ ለአያቴ ጎረቤት ምን ስም ተረፈላት? ባል የሌላት ሴት ሁሉ በር የከፈተች ናት የሚለው ጥርጣሬ ቃሉ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ወንዱ ግን «ወንደላጤ» ተብሎ በሰላም ይኖራል። «ቆሞ ቀር» ብሎ የሚያሳድደው እምብዛም ነው።

የግእዝ ተማሪ፦
«ወሲብ»ንም ጨምሩበት። ዛሬ ቃሉ በሬዲዮ ሲጠራ ድምፅ የሚቀንሱ እናቶች አሉ። በግእዝ «አውሰበ» ማለት አገባ፣ «አውስቦ» ማለት ጋብቻ ነው። ማቴዎስ 22፥30 ላይ በትንሣኤ «አያገቡም አይጋቡምም» የሚለውን ግእዙ በዚሁ ግስ ነው የሚናገረው። አማርኛ ቃሉን ሲወስድ ቃል ኪዳኑን ጥሎ አልጋውን ብቻ ይዞ ቀረ። «ሩካቤ»ም ከ«ረከበ» ነው፤ አገኘ፣ ተገናኘ ማለት።

ስለ «ድንግል»ም ልጨምር። ቃሉ የሴት ብቻ አይደለም። ራእይ 14፥4 «ከሴቶች ጋር ያልረከሱ እነዚህ ናቸው፥ ድንግሎች ናቸውና» ሲል ስለ ወንዶች ነው። «ልጃገረድ» እና «ብር አምባር» ግን ወደ ሴቷ ብቻ ያዘነብላሉ፤ ለሙሽራው የሚሆን አቻ የላቸውም።

ከደሴ፦
እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ጋብቻው «ኒካህ ማሰር» ነው የሚባለው። የታሰረው ደግሞ «ይፈታል»። በሃይማኖታችን ምንኩስና የለም፤ ኒካህ ሱና (የነቢዩ ፈለግ) ነው፣ ግማሽ ዲን (ሃይማኖት) ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሳታገባ የቆየች ሴት መጠጊያ የሚሆናት የክብር ስም ከእናንተም ይልቅ ለእኛ ያንሰናል። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኛል፤ የትዳርም የቃልም መፍቻ በአማርኛ አንድ ነው፤ «ፍቺ»። የቃል ፍቺ ስንፈልግ እንከበራለን፣ ሴት ፍቺ ስትፈልግ «ፈት» ትባላለች።

ከጎጃም፦
የደሴው ወንድሜ፣ የክብር ስም ስላልህ ስለ አያቴ ልንገራችሁ። አያቴ ባሏ ሲሞት ገና ጉልበት ነበራት። ሽማግሌ ተመላለሰባት፤ ባል አግቢ፣ መሬቱ ጌታ ይፈልጋል እያሉ። ሁለት ዓመት ያህል ታገሠች። ከዚያ አንድ ጾም ላይ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ ከገዳም ተመለሰች። የተመለሰችውም እዚያው ቤቷ፣ እዚያው ምድጃዋ ዘንድ ነው። እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ፣ ትናንት «አግቢ» ይላት የነበረው ሰው ከበቅሎው ወርዶ «እማሆይ፣ ይባርኩኝ» ይላት ጀመር። መሬቱን የጠየቃት አልነበረም። ልጅ ሆኜ ቆቡን አውልቃ ስታጥበው አይቻለሁ፤ ጠርዙ በላብ ጠቁሯል፣ በመዳፏ እያሸች በሣሙና ታጥበውና አጥር ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ታሰጣዋለች፣ ሰው እንዳያየው።

ሃይማኖቷ እውነተኛ ነበር፤ ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ እሰማት ነበር። «መነነ» ማለት ናቀ፣ ተወ ነው፤ ዓለምን ንቆ መተው። ለሚመነኩስ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ በቁሙ ሞቷል ማለት ነው። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ አያቴ «ባል አልፈልግም» ብላ እንድትታመን መጀመሪያ መሞት ነበረባት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥8 ላላገቡና ለመበለቶች «እንደ እኔ ቢኖሩ ለእነርሱ መልካም ነው» ሲል ስለ ቆብ ምንም አላለም።

ከዋሽንግተን፦
እዚህ እኔን «ነጻ ሴት» ይሉኛል፣ አገር ቤት ሲደወል ደግሞ «ልቅ» ሆነች ይባላል። ሁለቱም አይመቸኝም።

የግእዝ ተማሪ፦
«ልቅ» ከለቀቀ፣ «ስድ» ከሰደደ ነው፤ «መረን»ም ያው የለቀቁት ነው። ሁሉም ጠባቂ አጥቶ ማሳ የገባ ከብት ነው የሚያሳዩን። «ነጻ» ግን ሌላ ነው። ሥሩ የግእዙ «ነጽሐ» ነው፣ ንጹሕ ሆነ። ኢየሱስ ለምጻሙን «እወዳለሁ፥ ንጻ» ያለበት ቃል ነው። ስለዚህ «ክብረ ንጽሕና» እና «ነጻነት» አንድ እናት አላቸው፤ የሚያጣላቸው የእኛ አነጋገር ነው። እህቴ፣ «ነጻ ሴት» ሲሉሽ ቃሉን አትሽሺው።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። «አደረ»ን ሳስብ ዋልሁ። ወታደር፣ አርሶ አደር፣ ሴተኛ አዳሪ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። «ትዳር»ስ ከ«ተዳደረ» አይደለም? ከሆነ ቤቷን ለሠላሳ ዓመት ያስተዳደረች አክስቴ ትዳር አላት።

ከጎጃም፦
ከዚያው ነው። «ትዳር» ኑሮንም ይላል፤ «ትዳሬን ላሸንፍ» የሚል ገበሬ ሚስቱን ማለቱ አይደለም። ግን «ባለትዳር ናት» ብትያቸው ባሏን ይጠይቁሻል። እኔ «ጋለሞታ»ን አጥበን እንመልሰው የምል ነበርሁ፤ አክስትሽ ለቅሶ ቤት ላይ ብትሰማው ምን እንደሚሰማት ሳስብ ግን አፌ አይደፍርም። መንዝና በጌምድር ያላችሁ፣ ቃሉ ዛሬም ያለ ስድብ የሚነገርበት ቀበሌ ካለ ጻፉልን፤ ማን ለማን እንደሚለው ጭምር።