ክርክር፦ አሮጌው የለገሃር ጣቢያ ሙዚየም ይሁን ወይስ ተሳፋሪ ይመለስለት?

አወያይ፦
ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። አሮጌው መስመር አዲስ አበባ መግባት ካቆመ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ ይቆማል። በለገሃር የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ልማት 36 ሄክታር ይሸፍናል፤ ሕንፃው ግን ይጠበቃል ተብሏል። ተጠብቆስ ምን ይሁን?

የድሬ ልጅ፦
ሙዚየም ይሁን። እኔ ሌላ መልስ አይታየኝም። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። መስመሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላስቸገረው በቆላው ሄደ፤ በ1895 ዓ.ም. ከቆመበት ቦታ ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። ኩባንያው መሃል ላይ ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ 784 ኪሎ ሜትሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ 20 ዓመት ፈጀ። ይህን ሁሉ ለልጆቻችን የት እናሳያቸው? ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩት የድሮ ሠራተኞች እያለቁ ነው። መዝገቡ፣ ፎቶው፣ መሣሪያው ባለበት ይሰብሰብ።

ሣራ ከቄራ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሙዚየም ሲባል በዓመት አንዴ ተማሪ በሰልፍ የሚገባበት ቤት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ጣቢያ ሻንጣ የያዘ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ድሬ የሚሄድ ሰው ገና ሌሊት ተነስቶ፣ ታክሲ ተኮናትሮ ለቡ ድረስ ይሄዳል። እናቶች ከነጓዛቸው ሲንገላቱ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። ባቡሩ እስከ ለገሃር ይምጣ!

መሐንዲሱ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ልክ ነው፤ አሠራሩ ግን ይከብዳል። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ በድሮው ላይ መሄድ አይችልም። በቀላል ባቡሩ ሐዲድ ይግባ እንዳንል፣ ስፋታቸው አንድ ቢሆንም ኤሌክትሪካቸው አይገናኝም። ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ነው የሚሠራው፣ የጅቡቲው በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ። አዲስ መስመር በመሃል ከተማ መዘርጋት ደግሞ ስንት ቤት ማፍረስ ነው። ቀላል ባቡሩ ብቻ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፣ አብዛኛው በቻይና ብድር። ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙም አይተናል። መጀመሪያ ያለንን እንጠግን።

የሸመንደፈር ልጅ፦
አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ያመኛል። ስለ ሕንፃው ብቻ ታወራላችሁ። በዙሪያው የኖረው ሰውስ? ልማቱ ሲጀመር ነዋሪው እዚያው ይሰፍራል ተብሎ ነበር። ለቱሪስት ተቀብቶ የሠፈሩ ሰው ርቆ ከሄደ ጣቢያውን አዳንነው ማለት አንችልም። አደባባዩ ላይ ያለውን አንበሳም አትርሱ። በ1923 ዓ.ም. ቆመ፣ ጣሊያን ሮም ወስዶ እዚያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆመው፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው እሱ ሥር ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቦታውን ይዟል። ሕንፃው፣ አንበሳውና ሠፈሩ አንድ ላይ ነው የሚታዩት።

የድሬ ልጅ፦
በዚህስ እስማማለሁ። ሆኖም ተሳፋሪ ከገባበት ቅርሱ ይጎዳል። ወለሉ፣ በሩ፣ የእንጨት ሥራው ስንት ዓመት ይችላል?

ሣራ ከቄራ፦
ሰው የሚገባበት ቤት ይጠገናል፣ የተዘጋ ቤት ነው የሚበሰብሰው። እሺ መሐንዲሱ፣ ባቡሩ አይምጣ። ታዲያ ትኬቱ ለምን ለገሃር አይቆረጥም? ሻንጣ እዚያ አስረክበን በአውቶቡስ ለቡ ብንሄድስ? ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረዕድና ልደታ ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩባቸው ጣቢያዎች ናቸው። ከአያትም ከቃሊቲም የመጣ ሰው ለገሃር መውረድ ይችላል። ከዚህ የተሻለ መገናኛ ከየት ይመጣል?

መሐንዲሱ፦
ይህ ይሠራል። ሐዲድ አይጠይቅም፣ ቤት አያፈርስም። የሚያስፈልገው ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚሄድ አውቶቡስና የሻንጣ ክፍል ነው። ከቀላል ባቡሩ ፌርማታ እስከ አሮጌው ሕንፃ ለእግረኛ ምቹ መንገድ ቢጨመርበት ደግሞ ሙሉ ነው። ግን አውቶቡሱ የራሱ መስመር ካልተሰጠው በሳር ቤት ጭንቅንቅ ተይዞ ባቡሩ ያመልጣል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሸመንደፈር ልጅ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም ከሣራ ጋር ነኝ። ለድሬ ልጅም አንዱ ክፍል ይሰጠው፣ መዝገቡንና ፎቶውን ያስቀምጥበት። ቤቱን የሚያስጎበኙት ግን የድሮ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ይሁኑ፣ በደመወዝ።

የድሬ ልጅ፦
አንድ ክፍል አይበቃኝም። መጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይም ይሰቀል፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ያንብበው። ከዚህ በታች አልወርድም።