ሰርቨሩ እንደገና ከተጫነ ወዲህ ኤስኤስኤች አያስገባም፤ የሆስት ቁልፍ ማረጋገጫውን ላጥፋው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በየሌሊቱ ባክአፕ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚልክልን ስክሪፕት አለ፤ የሚገናኘውም በኦፕንኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በተመሰጠረ መንገድ በሚያገናኘው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ነው። የተቀባዩ ሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደገና ከተጫነ ወዲህ ግን ስክሪፕቱ የሆስት ቁልፉ (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ቁልፍ) እንደተቀየረ አስጠንቅቆ ይቆማል። ያገኘሁት ምክር ሁሉ «ስትሪክት ሆስት ኪ ቼኪንግ» የሚለውን ቅንብር «ኖ» አድርገው የሚል ነው። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦
አያጥፉት። ዳግም ጭነቱ አዲስ የሆስት ቁልፍ ፈጥሯል፤ በእርስዎ ማሽን «ኖውን ሆስትስ» ፋይል (የሚታወቁ ሰርቨሮች ቁልፍ መዝገብ) ውስጥ የተመዘገበው ግን የድሮው ነው። ሰርቨሩ ላይ በኤስኤስኤች ሳይሆን በኮንሶል (በቀጥታ በራሱ ማያና ኪቦርድ) ገብተው፣ «ኤስኤስኤች ኪጀን» በተባለው ትእዛዝ የቁልፉን አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር የፊደልና የቁጥር ድርድር) ያውጡ። «ኤስኤችኤ256» ብሎ የሚጀምረው ይህ አሻራ ማስጠንቀቂያው ላይ ከሚታየው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ብቻ፣ የድሮውን መስመር በዚያው ትእዛዝ፣ በትልቁ «አር» አማራጭ ሰርዘው አንድ ጊዜ በእጅ ይግቡ። ከኦፕንኤስኤስኤች 8.0 ስሪት ጀምሮ፣ አዲሱን ቁልፍ ይቀበሉ እንደሆነ ሲጠየቁ «የስ» በሚጻፍበት ቦታ አሻራውን ራሱን መለጠፍ ይቻላል፤ ካልገጠመ አይቀበልም፣ በዓይን ከማመሳከር ይህ ይሻላል።

ሌላ መልስ፦
በዚህ ላይ እስማማለሁ። «ኖ» ሲደረግ ቁልፉ በተቀየረ ሰርቨር ላይ በይለፍ ቃል መግባት ስለሚታገድ ብዙዎች ይህ በቂ ጥበቃ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የእርስዎ ስክሪፕት የሚገባው በመግቢያ ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፋንታ በሚያገለግል የራሱ ቁልፍ) ከሆነ ግንኙነቱ ይቀጥላል፤ መሀል የገባ አስመሳይ ሰርቨር የማንንም የመግቢያ ቁልፍ «ትክክል ነው» ብሎ ሊቀበል ስለሚችል፣ ባክአፑ በሙሉ ለእርሱ ይደርሳል ማለት ነው። ሰው በሌለበት ለሚሠራ ስክሪፕት በ2017 ከወጣው 7.6 ስሪት ጀምሮ ያለው «አክሴፕት ኒው» ይመረጣል፦ የማያውቀውን ሰርቨር ሳይጠይቅ ይመዘግባል፣ የሚያውቀው ሲቀየርበት ግን እምቢ ይላል። የሆስት ቁልፍ ያለ ዳግም ጭነትም ይቀየራል፤ የኮድ ማከማቻው ድረ ገጽ ጊትሃብ የአርኤስኤ (የአንዱ ቁልፍ ዓይነት) ሚስጥራዊ ቁልፉ በስህተት ለአጭር ጊዜ ይፋ ወጥቶበት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲተካው፣ ያንን ቁልፍ መዝግበው የነበሩ ሁሉ ይኸው ማስጠንቀቂያ መጥቶባቸዋል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ አሻራው ገጥሟል፣ በእጅም ገብቻለሁ። ክሮን (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ፕሮግራም) ስክሪፕቱን ሲያስነሳው ግን አሁንም ይቆማል።

መልስ፦
ክሮኑ የሚሠራው በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ስም ይሆናል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ «ኖውን ሆስትስ» ስላለው እርስዎ ያስተካከሉት የራስዎን ብቻ ነው። ለሩትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ስክሪፕቱ ሰርቨሩን በአይፒ አድራሻ የሚጠራ ከሆነም የሚሰረዘው በአድራሻው የተመዘገበው መስመር ነው።