ለማስተርስ የሁለት ዓመት ሥራ ግዴታ ይሁን ወይ?

ጠባሴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬውን የክርክር ጥያቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዲግሪ የጨረሰ ልጅ ማስተርስ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሠራ ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ ያድርጉት ወይ? እኔ ያድርጉት ባይ ነኝ። ከራሴ ልጀምር።

ሰኔ ላይ ተመረቅኩ። ጥቅምት ላይ የማስተርስ ተማሪ ሆንኩ። ያው ትምህርት ነው፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ብዬ ነበር። አይደለም። ዲግሪ ላይ ዶርም አለ፣ ካፌ አለ፣ ለፈተና የሚቀሰቅስህ ጓደኛ አለ። ማስተርስ ስንገባ 11 ነበርን። አብዛኞቹ ባለትዳርና ባለሥራ ናቸው። ክፍል ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። እኔ ጠባሴ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ገብቼ በሩን ከዘጋሁ እስከ ማግስቱ የሚያናግረኝ ሰው የለም። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደጅ ያደረ የባልዲ ውኃ ጠዋት ላዩ በረዶ ይዞ አገኘዋለሁ። ጋቢ ተከናንቤ ሳነብ ጣቴ ደንዝዞ ገጽ መግለጥ ያቅተኝ ነበር።

ይህን ቻልኩት። ያልቻልኩት የምርምር ፕሮፖዛሉን ነው። 14 ገጽ ጽፌ ለአማካሪዬ ሰጠሁት። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ብቻ ጽፎ መለሰልኝ፦ «ጥያቄህ የታለ?» ጥያቄ አልነበረኝም። ርዕሱን ከሰው ቴሲስ ነው የለቃቀምኩት። አጠገቤ የሚቀመጠው የመንዝ ሰው ግን ጥያቄውን ይዞ ነው የገባው። ወረዳ ግብርና ውስጥ የእንስሳት ባለሙያ ሆኖ 8 ዓመት ሠርቷል። ገበሬው አውራ በግ ሲመርጥ ቁመናውን፣ ቀለሙንና ላቱን እንደሚያይ ያውቃል። ቶሎ የሚያድገው አውራ ግን ለዘር ሳይቀር ገበያ እንደሚወጣ በዓይኑ አይቷል። «ጥሩው አውራ ለምን ቀድሞ ይሸጣል?» ብሎ መጣ። እኔ ርዕስ ሳስጸድቅ እሱ መረጃ ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ሥራ ይቅደም።

የሞላሌዋ፦
ወንድሜ ጠባሴ፣ የደረሰብህ ነገር አሳዝኖኛል። ሐሳብህን ግን አልቀበለውም። ሁለት ዓመት ይሥራ ስትል ሥራው የት አለ? የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ አለ። 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። እሱን አለፍኩ። ከዚያ ጋት የሚባለው የማስተርስ መግቢያ ፈተና መጣ። እሱንም አለፍኩ። አንተ የምትለው ሦስተኛ በር ነው። እኛ ወረዳ «0 ዓመት ልምድ» የሚል አንድ ቦታ ሲወጣ የተመዝጋቢው ሰልፍ ከግቢው አልፎ አስፋልት ይደርሳል። ልምድ የሌለው አይቀጠርም፣ ያልተቀጠረ አይማርም ካልን ልጁ የት ይግባ?

ሌላም አለ። ወንድ ሁለት ዓመት ቤተሰብ ቤት ቢቀመጥ ሥራ እየፈለገ ነው ይባላል። ሴት ስትቀመጥ ሽማግሌ ይመጣል። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ሦስት የሰፈሬ ልጆች ሁለቱ «ትንሽ ልቆይ» እንዳሉ ቀሩ። አልፈርድባቸውም፣ ትዳርም ኑሮ ነው። ግን መማር ይፈልጉ ነበር። ለጋት አብረን ነው ያጠናነው፤ በኩራዝ ያመሸንበትም ቀን አለ። አባቴ ለምዝገባዬ ብሎ 2 በግ ሸጧል። ዓመት ብቆይ ያ ብር ማዳበሪያ ይገዛበታል። እኔን አይጠብቀኝም።

ይፋት፦
እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ደግሞ የቱ ልምድ? አካውንቲንግ ተምሬ 3 ዓመት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ላይ ቁጥር ስሰጥ ነው የቆየሁት። ከዚያ ያገኘሁት የምርምር ጥያቄ የለም።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦
ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ 22 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ካስተማርኩ በኋላ ነው በቅዳሜና እሁድ ማስተርስ የጀመርኩት። ጠባሴ የሚለው ጥያቄ ነበረኝ። ተማሪዎቼ ፊዚክስን ለምን እንደሚሸሹ ማወቅ እፈልግ ነበር። ልምዱ ግን ብቻውን አላወጣኝም። እንግሊዝኛው ዝጎብኛል። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ያስተማረኝ ከዲግሪ በቀጥታ የመጣ የ23 ዓመት ልጅ ነው። ቁጥሩን እንዴት እንደሚያስገቡት ጣቴን ይዞ አሳየኝ ብል ማጋነን አይደለም። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤታችን ወስጄ ከርእሰ መምህሩ ጋር አገናኘሁትና መጠይቁን አስሞላሁለት። መንገዱ በተዘጋባቸው ሳምንታት በጣርማበር በኩል ማለፍ አልቻልኩም። ኖቱን ያስቀመጠልኝ ያው ልጅ ነው። ግዴታው ቢኖር ያ ልጅ እዚያ ክፍል አይገባም፣ እኔም አልጨርስም ነበር።

ጠባሴ፣ አንተን የጎዳህ ሥራ አለመሥራትህ አይመስለኝም። አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ስንት ጊዜ ሳታናግረው ቆየህ?

ጠባሴ፦
መምህር፣ እርስዎን አልዋሽም። 4 ወር። ታላላቆቼ ናቸው፣ ምን ብዬ ላውራቸው ብዬ አፈርኩ። በኋላ እሱ ራሱ ነው ጠርቶ ከቤት የተላከለትን የገብስ ቆሎ መዳፌ ላይ ያፈሰሰልኝ። ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳኝም የዚያን ዕለት ነው። የያኔው አራት ወር ዛሬም ይቆጨኛል።

እሺ፣ ግዴታ የሚለውን ትቻለሁ። ይፋት እንዳለው ልምድ ሁሉ ልምድ አይደለም። አንዱን ግን አልለቅም። ጥያቄ ሳይዝ የገባ ልጅ ሁለተኛውን ዓመት በጭንቀት ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ግዴታው በልጁ ላይ ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ ላይ ይሁን። ኮርሱ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በመጀመሪያው ሴሚስተር አማካሪ ይመደብለት። አንድ ወር ወጥቶ ሥራ ይይ። የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። መንዝ ላይ ገበሬዎች አውራ በጋራ መርጠው በጋራ የሚጠቀሙበትን ሥራ ያገዘ ማዕከል ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። እኔ ሁለት ዓመት ስማር አንዱንም በር አላንኳኳሁም። ሂድ ያለኝም የለም።

የሞላሌዋ፦
ይህን እደግፋለሁ። ግን የአንድ ወሩን ትራንስፖርትና አልጋ ማን ይከፍላል? መሥሪያ ቤቱ ስፖንሰር ያደረገው ሰው ደሞዙ ይመጣለታል። እኔ በራሴ ነኝ። ወጪው ተጽፎ ካልተቀመጠ ያው ያለው ይወጣል፣ የሌለው ርዕስ ይለቃቅማል።

ጠባሴ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ይጻፍ። ይህን አላሰብኩትም።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦
ልጄ፣ እስኪጻፍ ደግሞ መጠይቅ ይዘሽ ወደ መሐል ሜዳ የምትመጪ ከሆነ አልጋ አትከራዪም። ባለቤቴም ልጆቼም አሉ፣ እኛ ቤት ታድሪያለሽ። ስለ ምን ልትሠሪ አሰብሽ?

የሞላሌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ጥያቄዬ ገና ግማሽ ነው። ከበግ ጠጉር ስለሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ስለ ባና ነው። እናቴ የበጉን ጠጉር ዛሬም ትፈትላለች። ድሮ ሠፈራችን ሦስት ሸማኔ ነበር፣ አሁን አንድም የለም። የተፈተለው ድውር በከረጢት ሆኖ ቆጡ ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ አለ፣ ብርዱም አለ። ሸማኔው ለምን ጠፋ?