የካናዳ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፦ «የትኛው ክፍለ ሀገር ይቀላል?»

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ ያለውን ጥያቄ ላቀረቡት ወንድማችን የማውቀውን ላካፍል። የማኒቶባ ዋና ከተማ ዊኒፔግ ከገባሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ፣ ለማኒቶባ ባደላ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ብርዱን ግን አልሸሽግም።

አዲስ ከሚገቡት ቋሚ ነዋሪዎች ከአሥሩ አራት የሚያህሉት ኦንታሪዮ ይሰፍራሉ። ይሁን እንጂ ከአገሪቱ ሕዝብም ወደዚያው የሚጠጋው እዚያ ስለሚኖር፣ ይህ ቁጥር ብቻውን በሩ ሰፊ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ልዩነቱ የሚጎላው ኩቤክ ላይ ነው። ከሕዝቡ ከአምስት አንድ በላይ ይዛ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገቡት ወደ 471,000 ሰዎች የደረሷት ከስምንት አንዱን እንኳ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በገባችው ስምምነት መሠረት በሙያ የሚገቡትን ራሷ ትመርጣለች፤ ፈረንሳይኛ ለማይችል ሰው ደግሞ መንገዱ እጅግ ይጠብበታል።

ማኒቶባ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ በጀመረው የክፍለ ሀገር ዕጩዎች ፕሮግራም (ክፍለ ሀገሩ የሚፈልገውን ሰው ለቋሚ ነዋሪነት የሚያጭበት መንገድ) ቀዳሚ ነበረች፤ ዛሬም እዚህ ዘመድ ላለው፣ ለሠራ ወይም ለተማረ ሰው ትኩረት ትሰጣለች። አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ ከሚጠራው የፌዴራል ሥርዓት፣ ከኤክስፕረስ ኢንትሪ ጋር የተያያዘ ዕጩነት 600 ነጥብ ስለሚጨምር፣ ያገኘው ሰው የማመልከቻ ጥሪው ደረሰው ማለት ይቻላል። ሆኖም የፌዴራሉ መንግሥት የመላ አገሪቱን የዕጩዎች ዕቅድ ከ2024ቱ 110,000 በ2025 ወደ 55,000 ስላወረደው፣ ከዚያ በፊት የገባ ሰው የሚሰጥዎትን ምክር እንዳለ አይውሰዱት።

ብዙዎቻችን ግን በነጥብ ሳይሆን በስደተኝነት ከሱዳን ወይም ከኬንያ የመጣን ነን። በግል ስፖንሰር የሚመጣ ሰው ስፖንሰሩ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፤ በመንግሥት ድጋፍ የሚመጣውን መንግሥት ይመድበዋል። እንዲህ ላለው ሰው የክፍለ ሀገር ምርጫ አስቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነው።

«በማኒቶባ ገብቼ ቶሮንቶ እሄዳለሁ» የሚል ምክርም ይሰማል። እርግጥ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በፈለገበት ክፍለ ሀገር የመኖር መብት አለው። ዕጩ ሲሆኑ ግን በዚያ ክፍለ ሀገር የመኖር ሐሳብ ሊኖርዎት ይገባል፤ ሳይኖርዎት አለኝ ብለው ቢፈርሙና በሐሰት መግለጫ ጥፋተኛ ቢባሉ፣ ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገቡ ሊታገዱ ይችላሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ማኒቶባ ውስጥ የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለዎት? ፈረንሳይኛስ ተምረዋል? እነዚህን ሁለቱን ቢነግሩን የተሻለ መልስ እንሰጥዎታለን።