ዊንዶውስ 11 ከጫናችሁ በኋላ ማውሱ እምቢ ካለ፦ ለጎጃም ሰው ጥቆማ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም ያለው ሰው ወደ 11 እየዞረ ነው። ጥያቄውም ተከትሎ መጣ፦ "ማውሴ ቀጥ አለ፤ የት ላሠራው? ወይስ ሌላ ልግዛ?"

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማውሱን የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። እዚያ ከሠራ ደህና ነው፤ አትግዙ። የራሳችሁን ላፕቶፕ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። አሁንም ካልሠራ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ድራይቨሩ ነው፤ ማለትም ዊንዶውስን ከማውሱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም።

እሱን ደግሞ በኪቦርድ ብቻ ቤታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። የዊንዶውስ ቁልፉንና ኤክስን አብራችሁ ተጫኑ፤ ቀጥሎ ኤም። ዲቫይስ ማኔጀር፣ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረው መስኮት፣ ይከፈታል። በታብ ዝርዝሩ ውስጥ ግቡ፤ በቀስት "ማይስ ኤንድ አዘር ፖይንቲንግ ዲቫይስስ" እስከሚለው ውረዱ፤ በቀኝ ቀስት ክፈቱት። የማውሱ ስም ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኑ። "አንኢንስቶል ዲቫይስ" በሉና ሪስታርት አድርጉት። ሲነሳ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

የጠፋው ታችፓዱ (ላፕቶፑ ላይ በጣት የሚነካው ሰሌዳ) ከሆነ መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ የታችፓድ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ከኤፍኤን ጋር ሞክሩ። ካልሆነ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ ዴልም ሆነ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ፣ በሞዴሉ ፈልጋችሁ አውርዱ። ሁሉንም ድራይቨር አዘምናለሁ የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አትንኩ።

ወደ ድሮው ዊንዶውስ 10 መመለስም ይቻላል፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። ግን 11 ከተጫነ በ10 ቀን ውስጥ ነው። ከፍላሽ ፎርማት ተደርጎ ከተጫነላችሁ ደግሞ ይህ መንገድ የለም።

ጥገና ቤት ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን የባለሙያውን እጅ እዩ። ጎበዝ ባለሙያ አስቀድሞ ሌላ ማውስ ሰክቶ ያያል፤ ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ይከፍታል። ላፕቶፑን ሳይነካ "ፎርማት ይደረግ" የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ሲ ዲስክ ላይ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። የተማሪ ውጤት መዝግቦ የያዘ መምህር በማውስ ምክንያት ያን ማጣት የለበትም። ለድራይቨር ብላችሁ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ መሳፈርም አያስፈልግም። የዩኤስቢ ቀዳዳው ተነቅሎ ብየዳ ከፈለገ ግን መሄዱ ያዋጣል፤ የቦርድ ሥራ ለሚችል ሰው ብቻ ስጡት።

የግድ መግዛት ካለባችሁ የኔ ምርጫ ባለገመድ የዩኤስቢ ማውስ ነው። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ሰክቶ መሥራት ነው። ገመድ አልባ ካሻችሁ ትንሿ የዩኤስቢ መቀበያ ያለችውን ውሰዱ። ከተቆራረጠባችሁ ቀዳዳ ቀይሩላት፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 አንዳንዴ ሲግናሏን ይረብሻታል። ብሉቱዝ ማውስ እንደ ብቸኛ ማውስ አልመክርም። ዊንዶውስ ከታደሰ በኋላ ግንኙነቱ ቢጠፋ እንደገና ለማገናኘት ራሱ ሌላ ማውስ ያምራችኋል።

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሰክታችሁ ግራ ቀኙንም መሽከርከሪያውንም ሞክሩ።