ድሬ ላይ ሴንሰር መብራት ልትገዙ ካሰባችሁ

«ሳቢያን ሰፈር አዲስ ቤት ገብተናል። ለግቢና ለኮሪደር ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት የቱ ይሻላል? ታይዋን ገበያ ‹ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለው› ብለው በውድ የሚሸጡትስ?» ላልከው ወንድሜ፣ መልሱ ስለረዘመብኝ ለብቻው ጻፍኩት።

መጀመሪያ የውስጡን ዓይነት ጠይቅ። ገበያ ላይ የምታገኘው በብዛት የሰውነት ሙቀት የሚያየው፣ ራዳሩ ወይም ሲመሽ በርቶ ሲነጋ የሚጠፋው ፎቶሴል ነው።

የሙቀቱን በቀላሉ ትለየዋለህ። ፊቱ ላይ ነጭ፣ እንደ ግማሽ እንቁላል ያበጠ ፕላስቲክ አለው። ከሰው ገላ የሚወጣው ኢንፍራሬድ ጨረር ከጀርባው ካለው ግድግዳና መሬት ሲለይ ነው የሚነቃው። ሐረር ለሚኖር ሰው ዓይኔን ሳላሽ ይሄን እላለሁ። ድሬ ግን ጣጣ አለው። የቆዳችን ሙቀት 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ከመሸም በኋላ እዚያው አካባቢ ነው። ሴንሰሩ ሰውና ግድግዳ መለየት ያቅተዋል፤ አጠገቡ ደርሰህ እጅህን ካላወዛወዝክለት አይበራም። ኮሪደር፣ ሽንት ቤትና ጥላ ያለው በረንዳ ላይ ግን አሪፍ ነው። ስታሰቅለው ሰው ፊት ለፊቱ ከሚመጣበት ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ምረጥ፤ ያኔ ቶሎ ያያል። የመስታወት ግሎብ ውስጥ ከትተህ ደግሞ «አይሰራም» እንዳትል፤ በመስታወት አሻግሮ አያይም።

ለክፍት ግቢ ምርጫዬ ራዳር ነው። ብዙዎቹ 5.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሞገድ ይልካሉ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲመታና ሲመለስ የሚመጣውን ለውጥ ያነባሉ። የድሬ ሙቀት ጉዳያቸው አይደለም። ክፋቱ ከመጠን በላይ ንቁ መሆኑ ነው። በእንጨት በርና በስስ ግድግዳ ያልፋል። መንገድ ዳር ከሆንክ ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ መብራትህን ሊያበራው ይችላል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ባጃጅ መቼ ያልቃል? የቆርቆሮ አጥርና የብረት በር ሞገዱን ስለሚመልሱ ይገላግሉሃል። ለማንኛውም የርቀት ማስተካከያ ያለውን ግዛ። ርካሹ ራዳር አምፖል ብዙውን ጊዜ ማስተካከያ የለውም።

ለውጭ በር ፎቶሴል ይበቃል፤ አንዱ ብቻውን ፓውዛውን ሌሊቱን ሙሉ ይዞልህ ያድራል። ራሱ የሚያበራው መብራት ብርሃን እንዳያገኘው ብቻ ዞር አድርገው። ካገኘው «ነጋ» ብሎ ያጠፋል፣ ሲጠፋ «መሸ» ብሎ ያበራል፣ ጎረቤትም አያስተኛም። ሦስት ገመድ ነው ያለው፦ በብዛት ጥቁሩ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ ቀዩ ወደ አምፖሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስዕል ሳያዩ ገመድ የሚቀጥሉ ኤሌክትሪሺያኖች አሉና አጠገባቸው ቁም።

ሶላሩን ብዙም አልመክርም። ባትሪው ሙቀት አይወድም፣ ፓኔሉም በአቧራ ይሸፈናል። መስመር በሌለበት ጓሮ ካልሆነ ይቅር።

ስለ ፓተንቱ። አቦ፣ ለዚያ ብለህ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍል። ፓተንት ሐሳቡ አዲስ መሆኑን እንጂ ዕቃው መጠንከሩን አያረጋግጥም። የሚሠራውም በተመዘገበበት አገር ነው፤ እኛ ጋ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የ15 ዓመት መብት ይሰጣል፣ ፈጠራው እዚሁ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ፓተንት ፈጣሪውን እንኳ ሁሌ አያበለጽግም። የዛሬው ነጭ ኤልኢዲ የቆመበትን ሰማያዊ ኤልኢዲ ከሠሩት አንዱ ሹጂ ናካሙራ፣ ከመሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ያገኘው ጉርሻ 20 ሺህ የን ነበር። ከሶ፣ ተከራክሮ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በ840 ሚሊዮን የን ገደማ ታረቁ። ኖቤሉ የመጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

የት ልግዛ ላልከው፦ ታይዋን ምርጫው ሰፊ ነው፣ መከራከርም ይቻላል፤ ግን ከሱቁ ሳትወጣ አስበራው። ቀን ላይ ስለማይበራ ብርሃን የሚያይባትን ትንሽ ቀዳዳ በጣትህ ሸፍነህ በፊቱ እለፍ። ፓውዛ ከሆነ ጀርባው ላይ አይፒ 65 የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ አቧራና ዝናብ አይገባውም ማለት ነው። ለግቢው ውድ ዕቃ የምትገዛ ከሆነ ግን ደረሰኝ ላይ የጋራንቲ ጊዜ የሚጽፍልህን ሱቅ ምረጥ፣ ትንሽ ቢያስጨምርህም። ለመግጠም ቴስተር ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ብሬከር ሳያወርድ መሰላል ላይ የሚወጣ ከሆነ መልሰው።

የግቢህን ስፋትና አጥሩ ከምን እንደተሠራ ጻፍልኝ፤ ስንት ራዳር እንደሚበቃህ እነግርሃለሁ።