ከአዳማ ወጣ ብሎ የቆየ ትራክተር ፍለጋ፦ በየት በኩል ልሂድ?

ባለሞተሩ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ሳይክል ከአስፋልት እየወጣሁ የድሮ የእርሻ ማሽኖችን ፎቶ አነሳለሁ። ባለፈው ከዴራ አለፍ ብሎ፣ ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ግራር ስር የቆመ ትራክተር አየሁ። ኮፈኑ ቀይ የነበረ ነው፤ አሁን የጡብ መልክ ይዟል። ሞተሩ ግራጫ ነው። ወንበሩ ላይ ዶሮ ተኝታለች። ጠጋ ስል አንድ ልጅ «ቁራሌው መጣ!» ብሎ ጮኸ። አፍሬ ተመለስኩ። ምን ዓይነት ትራክተር ይሆን? ሌላስ የት ልፈልግ?

ናፍጣ
ማሲ ፈርጉሰን ይመስለኛል። ኮፈኑ ክብ ክብ ካለ 35 የሚባለው ሞዴል ነው። ማዕዘን ካለው 135 ወይም 165። ሁለቱን ለመለየት ወደ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ቁጠር። ሦስት ከሆኑ 135፣ አራት ከሆኑ 165። 135 እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ፣ ባለ ፐርኪንስ ሞተር ነው። ካልተነቀለች ክሩስኮቱ (ጌጆቹ ያሉበት ሰሌዳ) ላይ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ሳህን አለች።
ባለቤቱ «እናስነሳው» ቢልህ ግን እሺ እንዳትል። ዓመታት የቆመ ሞተር ነክሶ (ፒስተኑ ተጣብቆ) ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረጋል፤ ጥቂት ቀን ያድራል። ከዚያ ቀስ ብሎ በእጅ ይዞራል። በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) መታገል ፒስተን መስበር ነው።

የኢተያ ልጅ
በአሰላ መንገድ ኢተያንና ጎንዴን ይዘህ ወደ ውስጥ ግባ። ስንዴ አገር ነው፤ ማሽን አይጠፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሄድክ ኮምባይነሮቹንም ሥራ ላይ ታያቸዋለህ። ክረምት ግን አትሞክረው። ዋልካው ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ይሞላና ሞተርህን ተሸክመህ ትመለሳለህ። (ደርሶብኛል።)

ሸንኮራ
ወንጂን አትርሳ፣ ቅርብህ ነው። የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶች ኩባንያ የተጀመረ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሳታስፈቅድ ካሜራ እንዳታወጣ። ቤላሩስ የሚባለውን የሶቪየት ትራክተር ካየህም አትገረም፤ በደርግ ጊዜ እዚሁ አዳማ ይገጣጠም ነበር።

የጭላሎዋ
ልጄ፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ቁጭ ብለህ አውራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ የሚሠራው ካዱ (የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት) አሰላ ላይ ሲቋቋም አርሲ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አገኘ። ባለመሬቱ ደግሞ ትራክተር አስገባ። ትራክተር ካለው ጭሰኛ ለምን ያስፈልገዋል? ብዙ ሰው ተፈናቀለ፣ አባቴም አንዱ ነው። እኔ ዛሬም ያን ድምፅ አልወደውም። ሌላው ቤት ደግሞ ትዝታው ጥሩ ሊሆን ይችላል። «ያምራል» ብለህ አትጀምር፤ «የማን ነበር?» ብለህ ጠይቅ።

ባለሞተሩ
እትዬ፣ ምክርዎን ሰምቼ ትናንት ተመለስኩ። ያ ልጅ ራሱ ወደ አያቱ ወሰደኝ። ቡና ተፈላ። እንዳሉኝ ጠየቅኩ። ትራክተሩ የአንድ ባለመሬት ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ለገበሬ ማኅበሩ ደረሰ። ሽማግሌው ራሳቸው ነጅተውታል። አንዴ ቦይ ውስጥ ከተውት ሦስት ቀን እንደተሰደቡ እየሳቁ ነገሩኝ።
ናፍጣ፣ ቱቦዎቹ ሦስት ናቸው። ሳህኗ የለችም፤ የብሎኗ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ወንበሩን ፎቶ ማንሳት ግን አልተፈቀደልኝም፤ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች። ከ21 ቀን በኋላ ና ተብያለሁ።